ቁጥሩን ማን መታው? ስለ አሮጌ ሞተር ሳይክሎች ምልክት ለተሠራጨው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ እየተዘዋወረ ነው። ርዕሱ «አሮጌ ሞተር ሳይክል ከመግዛትዎ በፊት የሞተሩን ምልክት ያንብቡ» ይላል። የሚመለከተው ለጥርጊያና ለተራራ መንገድ የተሠሩትን፣ በአገራችን የግብርናና የጤና ሠራተኞች እንዲሁም የእርዳታ ድርጅቶች ለብዙ ዓመታት የተጠቀሙባቸውን እንደ ያማሃ ዲቲ፣ ሆንዳ ኤክስኤልና ሱዙኪ ቲኤስ ያሉ ሞተር ሳይክሎችን ነው። ወደ ጋራዣችን የሚመጡ ደንበኞች ስልካቸውን ከፍተው «ይህ ነገር እውነት ነው?» እያሉ ስለሚጠይቁኝ አንዴ ሳይሆን ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ።

ብዕር ያስነሣኝ ግን ጽሑፉ ያደረሰው ጉዳት ነው። አንድ ወጣት የአባቱን ሆንዳ ኤክስኤል 250 ለመሸጥ ከገዢ ጋር ተስማምቶ ቀብድ ተቀብሎ ነበር። አባትየው ጡረታ የወጡ የጤና ሠራተኛ ናቸው። ሞተር ሳይክሉን ከብዙ ዓመታት በፊት በጨረታ ገዝተውታል፤ ሊብሬውም በስማቸው ነው። ገዢው በማግሥቱ ያንን ጽሑፍ በስልኩ ይዞ መጣ። ሻንሲው (ሞተሩ የሚታሰርበት የብረት አጽም) ላይ ያለውን ቁጥር ሞተሩ ላይ ካለው ጋር አስተያየ፤ አንድ ሆኖ ስላላገኘው «ይህ የተሰረቀ ነው» ብሎ በሰፈር ሰው ፊት ቀብዱን አስመለሰ። ልጁ ሞተር ሳይክሉን እየገፋ ወደ እኛ ሲመጣ ስለ ገንዘቡ አንድም ቃል አልተናገረም። «አባባን ሌባ አስባሉት» ነበር ያለኝ። ያ ሞተር ሳይክል አንዳችም እንከን የለበትም። እንከኑ ያለው ጽሑፉ ላይ ነው።

የጸሐፊውን ሐሳብ ሳላጣምም ላስቀምጥ። በመጀመሪያ፣ በሞተሩ አካል ላይ ጎልቶ የሚታይ ባለ ሁለት ወይም ባለ ሦስት አሃዝ ቁጥር የተሠራበትን ዘመን ይናገራል ይላሉ፤ ሁለት አሃዝ ከሆነ ዓመቱን፣ ሦስት ከሆነ ደግሞ የፊተኛው አሃዝ ወሩን፣ የቀሩት ሁለቱ ዓመቱን። ቀጥለው የሞተር ቁጥርና የሻንሲ ቁጥር አንድ ካልሆኑ ሞተር ሳይክሉ የተሰረቀ ወይም ከሁለት የተገጣጠመ ነው ይላሉ። ሦስተኛው ሐሳባቸው በክብ ውስጥ ያለ ቀስት፣ ነጠብጣብ፣ «ቲ» እና «ኤፍ» የሚሉ ፊደላት የመሳሰሉ እንግዳ ምልክቶች ለውድድር ወይም ለጦር ሠራዊት ተለይተው የተሠሩ ሞተሮችን ስለሚያሳዩ ዋጋ ሊጨመርባቸው ይገባል የሚል ነው። በአራተኛ ደረጃ ሲሊንደሩ (ፒስተኑ የሚመላለስበት ክፍል) ላይ የተጻፈው ሲሲ (የውስጥ ይዘቱ) የሞተሩን እውነተኛ ጉልበት ያረጋግጣል ይላሉ። በመጨረሻም ቁጥሩ የደበዘዘ ወይም የማይመሳሰል ከሆነ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ፣ ካስፈለገም በሞረድ ፍቆ እንደገና ማስመታት «ሰነዱን ያስተካክላል» ብለው ይመክራሉ።

ጽሑፉ መልካም ጎን የለውም አልልም። ገዢ ከቀለሙና ከወንበሩ በፊት ጎንበስ ብሎ ሞተሩን እንዲያይ መምከሩ ትክክል ነው። ፎቶግራፎቹ ጥርት ያሉ ናቸው። ጸሐፊውም ሰውን ከአጭበርባሪ ለማዳን ብለው እንደጻፉ አልጠራጠርም። ስህተታቸው ሁሉ ግን ከአንድ ምንጭ የተቀዳ ነው፤ ሞተር ላይ የሚታየውን ምልክት ሁሉ በአንድ እጅ እንደተጻፈ አድርገው አንብበውታል።

ሞተር ላይ ምልክት የሚገባባቸው መንገዶች የተለያዩ ናቸው። አንደኛው ብረቱ ቀልጦ ወደ ቅርጹ ሲፈስ አብሮ የሚወጣው ነው፤ ከገጹ ጎልቶ ይነበባል፤ ከዚያ ቅርጽ የወጣ ዕቃ ሁሉ ያንኑ ይሸከማል። ሁለተኛው ዕቃው ከተሠራ በኋላ በብረት ማህተም የተመታው ነው፤ ወደ ውስጥ ይገባል፤ የሞተር ቁጥር የሚባለው ይህኛው ነው። ከነዚህ ሌላ ደግሞ የፋብሪካ ሠራተኛ ወይም ከዓመታት በኋላ ሞተሩን የፈታ መካኒክ የጫረው፣ የነቆጠው፣ በቀለም የጻፈው አለ። ጣት እየጎተቱ ብቻ ጎልቶ የወጣውን ከተመታው መለየት ይቻላል። ጽሑፉ ይህን ልዩነት አንድ ጊዜ እንኳ አላነሣም።

ወደ መጀመሪያው ነጥብ ልግባ። ጸሐፊው በማስረጃነት ያቀረቡት በአንድ ያማሃ ኤክስቲ500 የሞተር ክፍል ላይ የሚነበበውን 583 ነው። በእሳቸው አነባበብ 5 አምስተኛው የፈረንጅ ወር፣ 83 ደግሞ 1983 መሆኑ ነው። ይህን ቀመር በሌላ ያማሃ እንፈትነው። በ1968 (እዚህም ከዚህ በታችም ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ለገበያ የቀረበው ዲቲ1 የክፍሎቹ ኮድ 214 ነው። በቀመሩ ከሄድን ዲቲ1 የተሠራው በሁለተኛው ወር፣ በ1914 ነው ማለት ነው። ያማሃ ሞተር የሚባለው ኩባንያ የተመሠረተው በ1955 ነው። ኤክስቲ500 ራሱ ደግሞ ከ583 ሌላ 1ኢ6 የሚል ኮድም አለው፤ መካከሉ ላይ ፊደል የገባበትን በየትኛው ወር እንቁጠረው?

እነዚህ ባለ ሦስት ምልክቶች የሞዴል ኮዶች ናቸው። ያማሃ ለየሞዴሉ የራሱን ኮድ፣ አንዳንዴም ከአንድ በላይ ይሰጣል፤ የመለዋወጫ ቁጥሩም በዚያ ኮድ ይጀምራል። ከኮዱ ቀጥሎ የሚመጡት አምስት አሃዞች ዕቃው ምን እንደሆነ ይናገራሉ፤ 11311 ሲሊንደር ነው፣ 11631 ፒስተን ነው፣ 15111 መካኒኮች ካርተር የምንለው የሞተሩ ቤት አንዱ ወገን ነው። ስለዚህ 214-11311 ማለት ለዲቲ1 የተነደፈ ሲሊንደር ማለት ነው። ኮዱ የሚናገረውም ዕቃው መጀመሪያ ለየትኛው ሞዴል እንደተነደፈ ብቻ ነው። ከኤክስቲ500 በተወለደው ኤስአር500 በሚባለው የአስፋልት ሞተር ሳይክል ውስጥ የቀደመውን ሞዴል ኮድ የያዙ ክፍሎች ይገኛሉ። እነሱን አይቶ «ይህ ሞተር ከሌላ የተነቀለ ነው» የሚል ሰው ንጹሕ ዕቃ ያሰድባል።

በአንድ ነገር ግን ጸሐፊው እውነት አላቸው፤ ዘመን የሚናገር ምልክት በእርግጥ አለ። ክብ ሆኖ ዙሪያውን ከ1 እስከ 12 የተጻፈበት፣ መሐሉ ላይ ቀስትና የዓመት አሃዞች ያሉበት ትንሽ ምልክት በብዙ የቀለጡ ክፍሎች ላይ ይገኛል። ቅርጹ ውስጥ የሚገባ ተሽከርካሪ ቁልፍ ያወጣዋል፤ ሠራተኛው በየወሩ ቀስቱን ያዞረዋል። ሌሎች ፋብሪካዎች ደግሞ በቀስት ፈንታ ለየወሩ አንድ ነጠብጣብ ይጨምራሉ። የሚያሳዝነው ጸሐፊው ይህንኑ ክብ ምልክት በሦስተኛው ነጥባቸው «የጦር ሠራዊት ምልክት» ብለውታል። ዘመን ነጋሪውን ወታደር አደረጉት፤ የሞዴል ኮዱን ደግሞ ዘመን ነጋሪ አደረጉት። ክቡ ሲገኝም ቢሆን የሚናገረው ያ ክፍል የቀለጠበትን ወር ነው። የግራውና የቀኙ ካርተር የተለያየ ወር ቢያሳዩ የሚያስደነግጥ ነገር የለም፤ ሞተር ሳይክሉ የተገጣጠመው ደግሞ ከሁለቱም በኋላ ነው።

ባለ ሁለት አሃዝ ዓመት ላይም አንድ ቃል ልጨምር። እኛ ዓመት ሲነገረን «በማን አቆጣጠር?» ብሎ መጠየቅ የለመድን ሰዎች ነን፤ ሊብሬ ላይ የተጻፈውን ዓመት ከራሳችን ዘመን ጋር እያደባለቁ ሰባትና ስምንት ዓመት የሚሳሳቱ ደንበኞች በየወሩ አያለሁ። ጃፓኖችም በንጉሠ ነገሥታቸው ዘመን ይቆጥራሉ። የሾዋ ዘመን 1 ብሎ የጀመረው በ1926 ስለሆነ ሾዋ 51 ማለት 1976 ነው። ከጃፓን የመጣ ነገር ላይ 51 ያየ ሰው «1951» ከማለቱ በፊት ይህን ማሰብ ነበረበት።

ጽሑፉ በዚሁ ክፍል ትንሽ ተከታታይ ቁጥር ያለው ሞተር ሳይክል «ከመጀመሪያዎቹ መቶዎች አንዱ ነው» ይላል። ይህም በጥንቃቄ የሚያዝ ነው። በዚያ ዘመን ያማሃ ተከታታይ ቁጥሩን የሚጀምረው ከ000101 ነበር፤ 101ኛ የመሰለው በእርግጥ የመጀመሪያው ነው። ሆንዳ ደግሞ ኤክስኤል 250ን በ1972 ሲያወጣ ከ1000001 ጀመረ። ከእሱ በፊት አንድ ሚሊዮን ኤክስኤል አልተሠራም።

ሁለተኛው ነጥብ ልጁን ያስለቀሰው ስለሆነ ረዘም አድርጌ እመልሰዋለሁ። ጸሐፊው ይህን ሕግ ከየት እንዳመጡት ይገባኛል። በዲቲ1 ዘመን ያማሃ በመሪው አንገት ላይ የመታውን የሻንሲ ቁጥር ሞተሩም ላይ ይደግመው ነበር። ትራያምፍ የሚባሉት የእንግሊዝ ሞተር ሳይክሎችም እንዲሁ ነበሩ። ስለዚህ የ1968 ዲቲ1 ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች ይዞ ቢመጣ ጥያቄ መጠየቅ ተገቢ ነው። እስከዚህ ድረስ እስማማለሁ።

ከዚህ አልፎ ግን ሕጉ ይፈርሳል። ሆንዳ ሞተሩን በአንድ መስመር፣ ሻንሲውን በሌላ መስመር ይሠራል፤ ለየራሳቸው ተከታታይ ቁጥር ይሰጣል። የኤክስኤል 250 ሻንሲ «ኤክስኤል250» ብሎ ይጀምራል፤ ሞተሩ ደግሞ ከዚያው ላይ «ኢ» የሚል ፊደል ጨምሮ «ኤክስኤል250ኢ» ብሎ ይጀምራል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ቁጥር በአጋጣሚ ካልሆነ በቀር አንድ አይሆንም። ሻንሲው ተራው ሲደርስ ከተደረደሩት ሞተሮች አንዱ ይነሣና ይገጠምለታል፤ ቁጥር እያዩ የሚያጋባ ሰው የለም። ሱዙኪ ቲኤስም ሞተሩና ሻንሲው የተለያየ ቁጥር ይዘው ነው ከፋብሪካ የሚወጡት። በጸሐፊው ሕግ ብንሄድ ከነዚህ ፋብሪካዎች የወጣ ሞተር ሳይክል ከሞላ ጎደል ሁሉም ገና ሳጥኑ ሳይከፈት የተሰረቀ ነበር ማለት ነው።

ሩቅ ሳንሄድ የራሳችንን ሊብሬ እንክፈት። «የሻንሲ ቁጥር» የሚል ቦታ አለ፤ «የሞተር ቁጥር» የሚል ሌላ ቦታ አለ። ሁለቱ አንድ መሆን ግዴታቸው ቢሆን ኖሮ ለምን ሁለት ጊዜ ይጻፋሉ? መመሳሰል ያለባቸው እርስ በርሳቸው ሳይሆን በሊብሬው ላይ እያንዳንዳቸው ከተጻፉበት ጋር ነው። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ጸሐፊው ቢጽፉት ኖሮ ያ ገዢ ቀብዱን ባልጠየቀ ነበር።

ቁጥሩ አንድ ሊሆን በሚገባው ያማሃ ላይ እንኳ አለመመሳሰል ስርቆት አይደለም። ባለ ሁለት ምት ሞተር ዘይት ሲያጥረው ወይም የዘይት ፓምፑ ሲደክም ይነክሳል፤ ፒስተኑ ግሎ ሲሊንደሩ ውስጥ ይጣበቃል። በገጠር መንገድ ሃያና ሠላሳ ዓመት የሠራ ዲቲ አንድ ጊዜ ሳይነክስ ከቀረ እድለኛ ነው። ጉዳቱ የከፋ ከሆነ ባለቤቱ ሌላ ሞተር ይገዛል፤ ደረሰኙንና ዲክላራሲዮኑን (የጉምሩክ ሰነዱን) ይዞ ሄዶ በሊብሬው ላይ አዲሱን የሞተር ቁጥር ያስገባል። ካርተሩ ብቻ ተሰብሮ ከሆነ ደግሞ ፋብሪካው ለመለዋወጫነት የሚልከው አዲስ ካርተር ምንም ቁጥር ያልተመታበት ባዶ ነው። ባዶ ካርተር ያየ ሰው መጠየቅ ያለበት ደረሰኝ ነው። ደረሰኝ ከሌለ መጠራጠሩ ትክክል ነው፤ ካለ ግን ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃል።

ነገሩን ገልብጠን ደግሞ እንየው። ሌባ የሚፈልገው ቁጥሮቹ እንዲመሳሰሉ ነው። ፍቆ የሚያስመታ ሰው ሁለቱን አንድ አድርጎ ያስመታል። ስለዚህ ሆንዳ ኤክስኤል ላይ ሁለቱ ቁጥሮች እስከ መጨረሻው አሃዝ አንድ ሆነው ባገኝ እኔ የምደነግጠው ያን ጊዜ ነው። ጽሑፉ ግን ያንን ሞተር ሳይክል «ንጹሕ» ብሎ ያሳልፈዋል፤ የጡረተኛውን ይጥለዋል።

ሦስተኛውን ነጥብ በአጭሩ ልለፈው፤ ምልክቶቹ ግን ማወቅ ለሚፈልግ ደስ የሚሉ ናቸው። በሆንዳ ቮላኖ (ከሞተሩ ጋር የሚዞረው ከባድ ክብ ብረት) ላይ ያለው «ቲ» ፒስተኑ ጫፍ የደረሰበትን ቦታ ያሳያል፤ «ኤፍ» ካንዴላው እሳት የሚሰጥበትን ቦታ ያሳያል። መካኒክ ሞተሩን የሚያስተካክልባቸው መስመሮች ናቸው፤ ጸሐፊው እንደገመቱት «ቶኪዮ» እና «ፋብሪካ» ማለት አይደሉም። ፒስተን አናት ላይ ያለው ቀስት በባለ ሁለት ምቱ ያማሃ ላይ ወደ ጭስ መውጫው እንዲዞር የተደረገ ነው። ተገልብጦ ከተገጠመ የፋሻው (ፒስተኑን የሚከበው የብረት ቀለበት) ጫፎች በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ባለው ቀዳዳ ተይዘው ሊሰበሩ ይችላሉ። ይህን ቀስት «የውድድር ምልክት» ብሎ ያመነ ጀማሪ መካኒክ የሰው ሞተር ቢያበላሽ ኃላፊነቱ የማን ነው?

ራሳቸው ላይ የመስቀል ቅርጽ በተቆረጠባቸው ብሎኖች ላይ ያለችው ትንሽ ነጠብጣብም እንደዚሁ ነች። ጸሐፊው «የፋብሪካ ኦሪጅናል ማረጋገጫ» ብለዋታል። የጃፓን የኢንዱስትሪ ደረጃ ምልክት ነች፤ ብሎኑ ትናንት ከሱቅ ቢገዛም ትኖራለች። የምትጠቅመን ለሌላ ነገር ነው። የጃፓኑ መስቀል ከተለመደው የመስቀል ካቻቢቴ ጋር በትክክል አይገጥምም፤ ካቻቢቴው እየተንሸራተተ የብሎኑን ራስ ይበላዋል። የአሮጌ ሞተር ሽፋን ብሎኖች ሁሉ ተበልተው የምናገኛቸው አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ከጃፓን ውጪ ደግሞ ጸሐፊው በመጨረሻው ፎቶግራፍ ያቀረቡት የትራያምፍ ቲ100ሲ አለ፤ ማርሚታው ከፍ ብሎ በጎን የሚሄድ፣ ለጥርጊያ መንገድ የተሠራ ባለ 500 ሲሲ። የሞተር ቁጥሩ «ኬዲ» በሚሉ ሁለት ፊደላት ስለሚጀምር «የአንድ ሠራዊት ክፍል ስም ምኅጻር ሳይሆን አይቀርም» ብለዋል። ጉዳዩ የሚታወቅ ነው። ትራያምፍ ከ1969 ሞዴል ጀምሮ ሁለት ፊደላት ይመታ ነበር፤ ፊተኛው ወሩን፣ ሁለተኛው የሞዴል ዓመቱን ይናገራል። «ኬ» መስከረም ገደማ የሚውለው ዘጠነኛው የፈረንጅ ወር ነው፤ «ዲ» የ1970 ሞዴል ነው። የሞዴል ዓመቱ የሚጀምረው ቀደም ብሎ በበጋቸው መጨረሻ ስለነበረ ያ ሞተር የተሠራው በ1969 ነው። እዚህ ላይ ዘመኑ በእርግጥ ተጽፎ ነበር፤ በቁጥር ሳይሆን በፊደል። ከካርተሩ ሆድ ሥር ያገኙት «ምስጢራዊ» ቁጥርም የግራና የቀኝ ወገኖቹ አብረው ስለሚበሱ እንዳይለያዩ የተመታ የጥንድነት ምልክት ነው። በሁለቱም ወገን አንድ ከሆነ ካርተሩ አልተቀላቀለም። እዚህ ላይ መመሳሰል ትርጉም አለው።

አራተኛው ነጥብ ስለ ሲሲ ነው። በመጀመሪያ ሲሲ ጉልበት አይደለም። ያማሃ ለዲቲ1 ለውድድር የሚሆን የማሻሻያ ዕቃ ስብስብ ይሸጥ ነበር፤ ያ የተገጠመለትና ያልተገጠመለት ሁለት ሞተሮች ሲሲያቸው አንድ ሆኖ ጉልበታቸው ይለያያል። ሁለተኛ፣ ታንኩ ጎን ላይ የሚለጠፈው ቁጥር የገበያ ስም ነው። «250» የሚባለው ዲቲ1 246 ሲሲ ነው፤ «185» የሚባለው ኤክስኤል 180 ሲሲ ነው። ሲሊንደሩ ላይ ጎልቶ የወጣው እውነት ይናገራል፤ የሚናገረው ግን ከፋብሪካ ሲወጣ ስለነበረው ነው። የዲቲ1 ሲሊንደር ስፋቱ 70 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኑ ጉዞ 64 ሚሊ ሜትር ነው። ሲሊንደሩ አልቆ በቶርኖ ቤት አንድ ሚሊ ሜትር ቢሰፋ 246 የነበረው 253 ይሆናል፤ ውጪው ላይ ያለው ጽሑፍ አይለወጥም። እውነቱን የሚያውቀው ፒስተኑ ነው፤ የሰፋ ፒስተን አናቱ ላይ 0.25፣ 0.50 ወይም 1.00 የሚል ይመታበታል። ሲሊንደርም ተፈትቶ በሌላ የሚቀየር ዕቃ ስለሆነ ስለ ራሱ እንጂ ስለ ካርተሩ አይመሰክርም። ሊብሬው 125 እያለ ሲሊንደሩ 171 ካለ ግን መጠየቅ እንደሚገባ ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ።

እስካሁን ያነሣኋቸው ስህተቶች ሰው ያሳስታሉ። አምስተኛው ግን ሰው ያሳስራል።

የሞተርን ወይም የሻንሲን ቁጥር ፍቆ እንደገና ማስመታት ሰነድ ማስተካከል አይደለም፤ ማስረጃ ማጥፋት ነው፤ ወንጀልም ነው። ጸሐፊው ይህን ምክር የሰጡት በቅንነት መሆኑን ብቀበልም ምክሩ አንድ ቀን እንኳ እንዲቆይ አልፈልግም። የዋህ ባለቤት ቁጥሩ ስለደበዘዘ ብቻ ወደ አንድ ጎበዝ ብረት ሠራተኛ ሄዶ ቢያስፍቅና የራሱን ትክክለኛ ቁጥር ቢያስመታ፣ ነገ ለምርመራ ሲቀርብ ከሌባው የሚለየው ነገር የለውም። የፋብሪካው ገጽ ጠፍቷል፤ የፋብሪካው የአሃዝ ቅርጽ ጠፍቷል፤ ንጹሕ መሆኑን ሊመሰክርለት የሚችለውን ብቸኛ ነገር በገንዘቡ አስፍቆታል።

ደግሞም አይደበቅም። አሃዝ ሲመታ ብረቱ ከሚታየው ጎድጓዳ በታች ድረስ ይጨመቃል። ገጹ ተፍቆ ለዓይን ለስልሶ ቢታይም የተጨመቀው ክፍል ከሥሩ ይቆያል፤ መርማሪዎች በአሲድ ሲያጥቡት ከዙሪያው በተለየ ሁኔታ ስለሚበላ የድሮው ቁጥር ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይነበባል። ትራያምፍ ደግሞ ከዚያም ቀድሞ አስቦበታል። ከ1969 አካባቢ ጀምሮ ቁጥሩ የሚመታበትን ቦታ ጎልተው በወጡ ጥቃቅን የስሙ ምልክቶች ሞላው፤ ቁጥሩ የሚመታው በነሱ ላይ ነው። አንድ ሰው ሞረድ ቢያሳርፍበት ምልክቶቹ አብረው ይጠፋሉ፤ ባዶው ቦታ ራሱ ይናገራል። ጸሐፊው ባሳዩት የቲ100ሲ ፎቶግራፍ ላይ እነዚህ ጥቃቅን ምልክቶች ቁልጭ ብለው ይታያሉ። «ጌጥ» ብለዋቸዋል።

የደበዘዘ ቁጥር ማንበቢያ መንገዱ ቀላልና ርካሽ ነው። ጭቃውንና ቅባቱን በነጭ ጋዝና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ማጠብ፤ የሽቦ ብሩሽ አለመንካት። ሲደርቅ ነጭ ጠመኔ ማሸትና ትርፉን በጨርቅ መጥረግ፤ ጠመኔው ጎድጓዳው ውስጥ ይቀራል። ከዚያ ባትሪ ከጎን፣ ከገጹ ጋር ሊጋደም ጥቂት እስኪቀረው አዝንብሎ ማብራት። ይህም ካልበቃ በልጅነታችን ሳንቲም ላይ ወረቀት አኑረን በእርሳስ እንደምናወጣው ስስ ወረቀት ለጥፎ ማሸት። እኔ በዚህ መንገድ ያላነበብኩት ቁጥር በጣም ጥቂት ነው። 3ና 8፣ 1ና 7፣ 0ና 6 ስለሚምታቱ ሁለት ሰው ለየብቻው አንብቦ ቢያስተያይ ይሻላል። አንዳንድ ጊዜ የተሳሳተው ሊብሬው ሆኖ ይገኛል፤ ሞተሩ ላይ 3 የሆነውን አንድ ሠራተኛ 8 ብሎ ጽፎታል። ያን ጊዜ ፎቶግራፉንና ሞተር ሳይክሉን ይዞ ወደ መዘገበው መሥሪያ ቤት መሄድ ነው፤ የሚታረመው ወረቀቱ ነው። ጨርሶ የማይነበብ ከሆነም እንዳለ ትቶ ለዚያው መሥሪያ ቤት ማሳየት እንጂ በራስ እጅ መነካካት አይገባም።

ለጸሐፊው የማቀርበው ጥያቄ አንድ ነው። የቀሩትን አራት ነጥቦች በፈለጉት ጊዜ ያስተካክሏቸው፤ ይህን የመጨረሻ ምክር ግን ዛሬውኑ ያንሡት፤ ከመጀመሪያው ጽሑፍ ጋር እኩል እንዲዳረስም እርማት ያውጡ።

የጡረተኛውን ኤክስኤል ባለፈው ቅዳሜ ከልጁ ጋር ሆነን አጠብነው። መሪው አንገት ላይ ያለውን ቁጥር እሱ አነበበ፤ እኔ ጻፍኩ። ካርተሩ ላይ ያለውን እኔ አነበብኩ፤ እሱ ጻፈ። የሞተሩ ቁጥር መግቢያ ላይ «ኢ» አለች። ሁለቱም ቁጥሮች በአባቱ ሊብሬ ላይ በየቦታቸው ከተጻፉት ጋር እስከ መጨረሻው አሃዝ አንድ ናቸው። ፎቶግራፉን አንሥተን አስቀምጠናል። የገዢው ስልክ ቁጥር ልጁ ጋ አለ፤ የጸሐፊው እርማት የወጣ ዕለት መጀመሪያ የሚላከው ለእሱ ነው።